ከምርመራ ውጤት እስከ ማኅበር ደጃፍ፦ የአካል ጉዳትና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ወገኖች የድጋፍ ድርጅት ፍለጋ

በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መድረክ ላዘጋጀው ፋኩልቲ፣ እንዲሁም ከሥራ ሰዓት በኋላ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ለተገኛችሁ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ንግግሬን በምልክት ቋንቋ ለሚያስተረጉሙልን ባለሙያም ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ አብሮት የሚኖር ሕመም ወይም የአካል ጉዳት እንዳለበት በሐኪም ቤት ከተነገረው በኋላ፣ ሊደግፈው የሚችለውን ድርጅት የሚያገኘው እንዴት ነው? ጥያቄው የአድራሻ ጥያቄ ይመስላል፤ አድራሻው ከታወቀ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ባሳለፍኋቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፍለጋው ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ በአገራችን ደግሞ ማንም በኃላፊነት ያልያዘው ክፍል ነው። ሐኪሙ ምርመራውን ይፈጽማል፤ ማኅበሩ በበሩ የገባውን ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ታማሚው ብቻውን ይጓዘዋል። ንግግሬ ስለዚያ መንገድ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብሂሉ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልደበቀው ሰው ነው፤ በሽታውን የተናገረው፣ ካርድ አውጥቶ የተመረመረው፣ ውጤቱን በእጁ ይዞ ከሐኪም ቤት በር ላይ የቆመውና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ያጣው።

የሚፈለገው ሰው ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ ከ1 በመቶ እምብዛም ያልበለጠ አድርጎ አስቀምጦታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የጋራ ዘገባ ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ተገምቷል። ይህ ሁሉ ልዩነት በኢትዮጵያ ጤነኛ ሰው ስለሚበዛ የመጣ አይደለም። አንደኛው ምክንያት አጠያየቁ ነው። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጆሯቸው የደከመ አያት፣ በስኳር ሕመም ምክንያት ዓይኑ የደበዘዘ አባት፣ ከእኩዮቹ ዘግይቶ የሚናገር ሕፃን ከመልሱ ይቀራሉ። «ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማት ይቸገራሉ? ደረጃ ለመውጣት ይቸገራሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ልጅን ከእንግዳ ዓይን የመሸሸግ ልማድ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ስታትስቲክስ ለመከራከር አይደለም። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት ሰው ደግሞ የሚያስተናግደው ቢሮ፣ የሚያነበው ማስታወቂያ አይኖረውም። ፈላጊው መንገዱን ሲጀምር፣ እርሱን የሚፈልግ ማንም እንዳልነበረ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል ስም ነው

ድርጅት ለመፈለግ በቅድሚያ የሚፈለገውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በአገራችን አንድ ሕመም ቢያንስ ሦስት ስሞች አሉት፤ ሐኪሙ በካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው፣ ማኅበሩ በሰሌዳው ላይ የሚያሰፍረው፣ ሕዝቡ በቤቱ የሚጠራበት። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

በደጋው የአገራችን ክፍል በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ሰዎችን የሚይዘው የእግር እብጠት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሕክምና ሰዎች «ፖዶኮኒዮሲስ» ይሉታል። «ዝሆኔ» ግን በትንኝ አማካይነት በሚተላለፍ ጥገኛ ትል ለሚመጣው የእግር እብጠትም የሚያገለግል ስም ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መነሻው ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል መግባታቸው ነው፤ ጫማ በማድረግም ይከላከሉታል። ስሙ ስለተምታታ ብቻ የተለየ ማዕድ የቀረበላቸው፣ ጋብቻ የተከለከሉ ሰዎች አሉ።

ሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። የቀድሞው መጠሪያ ስድብ ስለሆነ ታማሚው ራሱ አያነሣውም፤ አዲሱን መጠሪያ ደግሞ በገጠር ሁሉም አያውቀውም። ኦቲዝም በቋንቋችን የራሱ ስም ስላልነበረው፣ ብዙ እናቶች ልጃቸው «ዘግይቶ የሚናገር»፣ «ዐይን የበላው»፣ «ባለጌ» እየተባለ ለዓመታት ይቆያሉ። ከጀርባው ላይ የአከርካሪው አጥንት ሳይገጥም የሚወለድ ሕፃን ያላት እናት ደግሞ የሰማችው የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ነው፤ እርሱንም አጥርታ ልትደግመው አትችልም። በማትጠራው ስም ማንን ትጠይቃለች?

ከዓመታት በፊት ያስተማርሁት፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተማሪ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ልጅ ሳለ ሲወድቅ ሰዎች ክብሪት ጭረው ያሸቱት እንደ ነበር፣ አረፋው እንዳይነካቸውም ይሸሹ እንደ ነበር አጫውቶኛል። በአንድ ሆስፒታል ለአራት ዓመት ያህል በየወሩ መድኃኒት ሲወስድ፣ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ማኅበር እንዳለ አንድም ቀን የነገረው አልነበረም። የሰማው ከባለሙያ አይደለም፤ በታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት እናት የመድኃኒቱን ዕቃ አይተው «ልጄ፣ ይህን እኔም ልጅ እወስዳለሁ፤ የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ» አሉት። የአራት ዓመት ክትትል ያልሰጠውን፣ የአንድ ታክሲ መንገድ ሰጠው።

ማኅበራቱ እንዴት ተወለዱ?

ፈላጊው ለምን እንደሚቸገር ለመረዳት፣ የሚፈልጋቸው ድርጅቶች እንዴት እንደ ተመሠረቱ ማየት ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሠረተ። ከአንጋፋዎቹ አንዱ ነው። ከእርሱ በኋላ መስማት የተሳናቸው ወገኖች፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ማየትም መስማትም የተሳናቸው ወገኖች፣ አካል ጉዳተኛ ሴቶች የየራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ እነዚህን የሚያስተባብር ፌዴሬሽን አለ። ከእነዚህ ጎን ለጎን በአገልግሎት የሚታወቁ ተቋማት አሉ። ቼሻየር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በተለይ በመናገሻ የአካል ተሐድሶ አገልግሎት ይሰጣል፤ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ተብሎ በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተመሠረቱት ብዙዎቹ ግን የተለየ ታሪክ አላቸው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ መሠረቱ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ስላጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ደከሙለት። ሕፃናትን ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ መላክ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ መፍትሔ እንደ ሆነ የተረዱት የሕፃናት ልብ ሐኪም ዶክተር በላይ አበጋዝ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል እስኪቆም ድረስ ለዓመታት ገንዘብና ባለሙያ አሰባሰቡ።

የሁለቱን ወላጆች ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱት። በአገራችን ብዙ ጊዜ ድርጅት የሚመሠረተው ፈላጊው ፈልጎ ሳያገኝ ሲቀር ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ መዘዝም ግን አለው። እንዲህ የተወለደ ድርጅት የሚታወቀው መሥራቹ በሚታወቅበት ክበብ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ መሥራቹ በሚኖርበት ከተማ፣ ይኸውም በአብዛኛው በአዲስ አበባ ይሆናል። መሥራቹ ሲደክም ድርጅቱም ይደክማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሁለተኛዋ እናት የመጀመሪያዋ እናት ያለፈችበትን ፍለጋ እንደ አዲስ ትጀምራለች። የመጀመሪያዋ ፍለጋ ለሁለተኛዋ ካላሳጠረላት፣ እንደ ማኅበረሰብ ምንም አልተማርንም ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የመርዳትና የማቋቋም ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ጥሏል። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ የሚያዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጸደቀበት አዋጅ ቁጥር 676/2002 ወጥተዋል። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 26 ስለ ተሐድሶ ሲደነግግ፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡትን ድጋፍ በግልጽ ይጠቅሳል። ስለዚህ ታማሚን ከቢጤው ጋር ማገናኘት ደግነት ብቻ አይደለም፤ አገራችን የተቀበለችው ግዴታ አካል ነው።

በሌላ በኩል ሕግ መንገዱን ያጠበበበት ዘመንም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ተከልክለው ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ይሁንና ለአሥር ዓመት የጠበበ በር በአንድ ቀን አይሰፋም፤ በእነዚያ ዓመታት የተዳከሙ የመብት ሥራዎች ዛሬም መልሰው በመቆም ላይ ናቸው።

የትኞቹን በሮች እናንኳኳ?

ተማሪዎቼ ዘወትር «ታዲያ ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። በተግባር የሚያስኬዱት በሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የሕክምና ተቋሙ ራሱ ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ማኅበራዊ ሠራተኞች አሉ፤ ሥራቸው ነፃ ሕክምና ማስፈቀድ ብቻ ይመስላል እንጂ ከውጭ ያሉ ድርጅቶችን ከማንም በተሻለ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ የሚያውቀው በክትትል ቀን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ነው። በስኳር ወይም በኩላሊት ክሊኒክ ደጃፍ ከተቀመጡት መካከል በሽታውን አሥር ዓመት የኖረበት ሰው አይታጣም። ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ወረፋው ያን ጊዜ የባከነ ሰዓት መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው የማኅበራት ጥላ ነው። የአካል ጉዳት ከሆነ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ከሆነ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ያቋቋሙትን ጥምረት መጠየቅ ይቻላል። የምትፈልጉት ማኅበር አባላቸው ባይሆን እንኳ ወዴት እንደምትሄዱ ይጠቁማሉ።

ሦስተኛው የመንግሥት ቢሮ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ በክልል፣ በዞንና በወረዳ ያሉት ተጓዳኝ ቢሮዎች ናቸው። አንድ ድርጅት በሕግ የተመዘገበ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አለ።

አራተኛው በር ለሁላችን ቅርብ ሆኖ ሳለ ከዝርዝር የምንዘነጋው ነው፤ እርሱም እድር ነው። እድር በየሰፈሩ አለ፤ መዋጮ አለው፤ መዝገብ አለው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ተቸገረ ያውቃል። ልማዱ ግን ሰው ሲሞት መድረስ ነው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን አንዳንድ እድሮች ሕመምተኞችን በቤታቸው ወደ መደገፍና ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ወደ ማገዝ ተሸጋግረው ነበር። ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለሕያው ሰው የሆስፒታል መመላለሻ ቢውል ደንቡን የሚያፈርስ ነገር የለም፤ ደንቡን የሚያሻሽለው የአባላቱ ጉባኤ ነውና።

እዚህ ላይ የእምነት ቦታዎችን ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም ቤት በፊት ወይም ጎን ለጎን ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ ይሄዳል። ይህን ማንቋሸሽ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው በጸሎቱ ቦታ የሚያገለግሉት አባቶችና ሸኾች መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ እንዲመክሩ፣ የማኅበሩንም አድራሻ እንዲያውቁ ማድረግ ነው።

በሩ ሲገኝ

በር ማግኘትና መግባት አንድ አይደሉም። ስልክ ቁጥር ብቻ የለጠፈ ድርጅት መስማት ለተሳነው ሰው የተዘጋ ነው። ማስታወቂያውን በወረቀት አትሞ፣ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚያሰራጭ ድርጅት፣ የስልኩ ድምፅ ማንበቢያ ከሥዕል ላይ ጽሑፍ ሊያነብለት ለማይችል ዓይነ ስውር ዝም እንዳለ ይቈጠራል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ፣ በጎማ ወንበር ለሚሄድ ሰው አድራሻ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ማስተዋልን የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። ድርጅቱ የተመዘገበ ነው? በቦርዱ ውስጥ ሕመሙ ወይም ጉዳቱ ያለባቸው ሰዎች አሉ ወይስ ስለ እነርሱ የሚናገሩ ብቻ ናቸው? የልጁን ፎቶግራፍ የጠየቁት ለምንድን ነው? ፈጽሞ የማይድነውን ሕመም እናድናለን የሚል፣ መድኃኒት አቋርጡ የሚል፣ ለመመዝገቢያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ተመለሱ። ሐቀኛ ማኅበር የማይሰጠውንም ይነግራችኋል።

ድርጅት ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መጀመሩ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን ለጋሽ ዘመድ ያስፈልጋል፣ እስከዚያም እጥበቱ መቋረጥ የለበትም። ለእጥበቱ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ፎቶግራፉን በባነር አሳትሞ፣ በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ በየአደባባዩ የሚዞር ወጣት ሁላችሁም አይታችኋል። ያ ወጣት ታማሚ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ድርጅት፣ የራሱ ገንዘብ አሰባሳቢ፣ የራሱ ሕዝብ ግንኙነት ሆኗል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ጉልበት በጎደለበት ሰውነቱ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኞች የቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ ግን አንድ ድርጅት የሁሉንም ሸክም ሊሸከም አይችልም።

ከዚህ በፊት አድርገነዋል

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ ድህነት ነው፤ አቅም ሲገኝ ይስተካከላል» ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም በአነስተኛ አቅም አንድ ጊዜ አድርገነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ማኅበራት ሲመሠረቱ፣ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ ብሎ በአደባባይ መናገር ከቤት የሚያስባርር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣ። በሕክምና ክፍሎቹ ውስጥ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ተቀጥረው፣ አዲስ የተመረመረውን ሰው ያነጋግሩት ጀመር። የእናቶች የድጋፍ ቡድኖችም ነፍሰ ጡሯን ከሐኪሟ ክፍል ተቀብለው አብረዋት ይጓዙ ነበር። ውጤቱን የሰማ ሰው ብቻውን ወደ ጎዳና አይወጣም ነበር፤ «እኔም እንደ አንተ ነኝ፤ ይኸው ሥራ እሠራለሁ፤ ልጆች አሳድጋለሁ» የሚለው ሰው በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከምርመራ እስከ ማኅበር ያለው መንገድ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል የሚወስድ ኮሪደር ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወላይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የፖዶኮኒዮሲስ ታማሚዎች መርጃ ማኅበር፣ ሕክምናውን ወደ ገበያና ወደ መንደር አወጣው። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ ነው። አገልግሎቱን ከሚሰጡት መካከል ቀድሞ ራሳቸው ታክመው እግራቸው የተሻለላቸው ሰዎች ይገኙበታል። አንዲት ሴት እግሯን ሸፍና በገበያ ዳር ስትቀመጥ ያየቻት ሌላ ሴት የራሷን እግር ገልጣ ታሳያታለች። ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አላውቅም።

ሁለቱም ምሳሌዎች አንድ ነገር ያስተምራሉ። ድርጅት የሚገኘው በስም ዝርዝር አይደለም፤ በሰው ነው። ዝርዝሩ ይጠቅማል፤ ግን ዝርዝሩን በእጁ ይዞ የሚጠብቅ፣ መንገዱን ቀድሞ የሄደ ሰው ያስፈልጋል። ለኤች አይ ቪ የሠራነውን ኮሪደር ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለካንሰር፣ ለአእምሮ ሕመም፣ ከአካል ጉዳት ጋር ለሚወለድ ሕፃን አልሠራንም። ያልሠራነው ስለማይቻል አይደለም፤ የማን ሥራ እንደ ሆነ ስላልተወሰነ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህን ሥራ በየአካባቢው ለመጀመር ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ ተቋም አላይም። የማስተማሪያ ሆስፒታል አለን፤ ማኅበራዊ ሥራ፣ ልዩ ፍላጎት፣ ጤና፣ ሕግና ቋንቋ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉን። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለፋኩልቲው በይፋ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የዚህ አካባቢ የድጋፍ ድርጅቶች መዝገብ እናዘጋጅ። መዝገቡ ስምና ስልክ ብቻ የያዘ አይሁን። ሕመሙ በሐኪሙም በሕዝቡም ዘንድ የሚጠራበት ስም ይስፈርበት፤ ቦታው ሰው በሚያውቀው ምልክት ይገለጽ፤ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ እንደ ሆነና ሊፍት እንዳለው ይጻፍ፤ በጽሑፍ መልእክት መገናኘት ይቻል እንደ ሆነ ይታወቅ፤ የሚሰጠውና የማይሰጠው አገልግሎት ይለይ፤ መረጃው በመጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን ይኑረው። በየስድስት ወሩ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው ያጣሩት። ያልታደሰ መዝገብ ከመዝገብ ማጣት ይከፋል፤ ታማሚው የመጨረሻ የታክሲ ገንዘቡን ከፍሎ የተዘጋ በር ላይ ይደርሳልና። በመዝገቡ ውስጥ የድርጅት እንጂ የታማሚ ስም ፈጽሞ እንዳይገባ።

ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎቻችንን በማስተማሪያ ሆስፒታላችን የክትትል ክሊኒኮች በር ላይ እንመድብ። ብቻቸውን ሳይሆን፣ ከማኅበራት ከተወከሉ፣ ሕመሙን ከኖሩበት ሰዎች ጋር ይሁን። ለእነዚህ ሰዎች የትራንስፖርትና የቀን አበል ይከፈል፤ የሚያውቁት ነገር ዕውቀት ነውና፣ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ ይከፈልበታል።

ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ሕመሙ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ቢጤውን እስካገኘበት ቀን ድረስ ስንት ጊዜ አለፈ? በመካከል ስንት በር አንኳኳ? ከሁሉም ማን መራው? ይህን ለጥቂት ቤተሰቦች እንኳ በጥንቃቄና በፈቃዳቸው ብትመዘግቡ፣ የጤና ቢሮ ሊያልፈው የማይችል ማስረጃ በእጃችሁ ይኖራል። የፍለጋው ርዝመት የሚለካ ነገር ነው፤ የሚለካ ነገር ደግሞ ሊያጥር ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፤ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ከዕለታት አንድ ቀን የምርመራ ውጤት በእጁ ይዞ የማይቆም የለም፤ ለራሱ ባይሆን ለእናቱ፣ ለእናቱ ባይሆን ለልጁ። ያን ቀን በሚቀጥለው ክፍል የሚጠብቀን ሰው ይኑር አይኑር የሚወሰነው ዛሬ በምንሠራው ነው። ሦስቱ ሐሳቦች በፋኩልቲው ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ እንዲያዙ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። መዝገቡን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆናችሁ ተማሪዎች ከዚህ ንግግር በኋላ በውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።